ፓሌቱ ሀርሺን ሲደርስ፦ የሶላር ፓኔል አወራረድና አፈታት

በአሁኑ ጊዜ በሶማሌ ክልል ሰሜናዊ ወረዳዎች ሶላር ፓኔል አዲስ ነገር አይደለም። በጅግጅጋ ሱቆች ደጃፍ ተደርድሮ ይሸጣል፣ በጤና ኬላዎች ጣሪያ ላይ ይታያል፣ በጥልቅ ጉድጓዶች አጠገብ የናፍጣ ጄኔሬተሩን ቦታ እየያዘ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2019 የተሻሻለው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራምም ከሕዝቡ 35 በመቶ የሚሆነው ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከዋናው መስመር ውጭ፣ በአብዛኛው ከፀሐይ፣ እንደሚሆን አስቀምጦ ነበር። እኛም ክፍል ውስጥ ስለ ሴሉ፣ ስለ ኢንቨርተሩና ስለ ባትሪው በሰፊው እንማራለን። ፓኔሉ ከመኪና ላይ እንዴት እንደሚወርድ ግን የሚያስተምረን የለም። የጉልበት ሥራ ነው ተብሎ ለጫኝና አውራጅ ይተዋል።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ስለተተወው ሥራ ነው። አምራቾች በካርቶኑ ላይ የሚለጥፉት መመሪያ ፎርክሊፍት አለ፣ ወለሉ የተስተካከለ ኮንክሪት ነው፣ ነፋስ የለም ብሎ ይነሳል። እንደ ሀርሺን ባለ ቦታ ብዙውን ጊዜ ሦስቱም አይገኙም። ስለዚህ መመሪያውን ወደ አማርኛ ወይም ወደ ሶማልኛ መተርጎም ብቻውን አይበቃም። መመሪያው ለምን እንደዚያ እንደሚል ማወቅ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱን የሚያውቅ ሰው ፎርክሊፍት በሌለበትም ቦታ መላ ያገኛል።

ሀርሺንን የመረጥኩት በምክንያት ነው። ሀርሺን ከሶማሌላንድ ጋር የሚዋሰን የፋፈን ዞን ወረዳ ሲሆን በቁም እንስሳት ገበያው ይታወቃል። የአካባቢው ዋነኛ የውኃ ምንጭ ብርካ ነው፤ ማለትም መሬት ተቆፍሮ በሲሚንቶ የሚለሰን፣ የዝናብ ጎርፍ የሚጠራቀምበት ገንዳ። ሶማሌዎች ጅላል የሚሉት ረጅሙ በጋ ሲመጣ ብርካው ይነጥፍና ውኃ በቦቴ ይመጣል። እንዲህ ባለ አገር ፓኔል የሚገባው ለጌጥ አይደለም። የክትባት ማቀዝቀዣ ሊያንቀሳቅስ፣ የትምህርት ቤት መብራት ሊያበራ ወይም ውኃ ሊገፋ ነው። ተሰብሮ ቢገኝ ደግሞ ተተኪው በማግሥቱ አይደርስም።

ፓሌት ስንል ምን ማለታችን ነው?

ከአሥራ አምስት ዓመት ገደማ በፊት የተለመደው ባለ 250 ዋት ፓኔል ርዝመቱ 1 ሜትር ከ65፣ ስፋቱ 1 ሜትር፣ ክብደቱም 19 ኪሎ አካባቢ ነበር። አንድ ጠንካራ ሰው ብብቱ ሥር ይዞት ይሄዳል። ዛሬ በብዛት የሚመጣው የ550 ዋቱ ግን ርዝመቱ 2 ሜትር ከ28፣ ስፋቱ 1 ሜትር ከ13፣ ውፍረቱ ከነፍሬሙ 35 ሚሊ ሜትር ነው። 28 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ከፊትም ከኋላም መስታወት የሆነው ደግሞ 32 ኪሎ ይደርሳል። የዚህ ዓይነቱ ፓኔል 31 ሆኖ በአንድ ፓሌት ይታሰራል፤ ባለ 40 ጫማው ኮንቴይነር 20 ፓሌት፣ ማለትም 620 ፓኔል ይይዛል።

ሒሳቡን እንሥራው። 31 ጊዜ 28 ኪሎ 868 ኪሎ ነው። እንጨቱና ካርቶኑ ሲጨመር አንዱ ፓሌት 9 ኩንታል ይሆናል። ባለ ሁለት መስታወቱ ከሆነ ደግሞ 10 ኩንታል ያልፋል።

ከክብደቱ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ግን አቀማመጡ ነው። ፓኔሎቹ በካርቶኑ ውስጥ አንዱ ባንዱ ላይ ተነባብረው አልተኙም፤ መደርደሪያ ላይ እንዳለ መጽሐፍ በጎናቸው ቆመው ነው የታሰሩት። እንዲህ የሚደረገው በመንገድ ላይ የላይኛው ክብደት የታችኛውን መስታወት እንዳይጫነው ነው። ከ600 ዋት በላይ ከሆኑት ሰፋፊ ፓኔሎች አንዳንዶቹ እንዲያውም በአጭሩ ጎናቸው ቆመው ስለሚታሸጉ ካርቶኑ ከሰው ቁመት በላይ ነው።

እንግዲህ አደጋው የሚጀምረው ከዚህ አቋቋም ነው። 31 ፓኔል አንድ ላይ ታስሮ ሲቆም ውፍረቱ 1 ሜትር ከ8 ገደማ፣ ከፍታው 1 ሜትር ከ13 ስለሆነ እንደ ሣጥን የተደላደለ ነው። በቀላሉ አይወድቅም። ማሰሪያው ሲቆረጥ ግን አንድ ሣጥን መሆኑ ይቀርና 31 የተለያዩ ነገሮች ይሆናል። 35 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ነገር በ1 ሜትር ከ13 ከፍታ ሲቆም 2 ዲግሪ እንኳ ሳይሞላ ቢያዘነብል ይወድቃል። አንዱ ሲሄድ ጎረቤቱን ይገፋል፣ ያም ቀጣዩን፤ 20 ፓኔል አብሮ ሲወድቅ ከ5 ኩንታል በላይ ነው። ፊት ለፊቱ የቆመ ሰው ገፍቶ ሊመልሰው አይችልም። ሰው እግሩ የሚሰበረው ወይም ከግድግዳ ጋር የሚጣበቀው እዚህ ላይ ነው እንጂ ፓኔሉን ጣሪያ ላይ ሲያወጣ ብቻ አይደለም።

ከድሬዳዋ እስከ ሀርሺን

ዕቃው ከጅቡቲ ወደብ በደወሌ ገብቶ ድሬዳዋ ይደርሳል፤ ከዚያ የደንገጎን ጠመዝማዛ ዳገት ወጥቶ በሐረር፣ በባቢሌ አልፎ ካራማራን ተሻግሮ ጅግጅጋ ይገባል። ሌላው መንገድ ከበርበራ በቶጎ ውጫሌ የሚመጣው ነው፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2021 በርበራ ላይ አዲሱ የኮንቴይነር ተርሚናል ከተከፈተ ወዲህ ስሙ በብዛት ይነሳል። በየትኛውም ቢመጣ ብዙ ጊዜ ጅግጅጋ ላይ ከኮንቴይነሩ ይወጣና ወደ ወረዳ በሚሄዱ አነስተኛ የጭነት መኪናዎች ላይ ይዛወራል።

በኔ ግምት ወሳኙ ቦታ ይህ የመዛወሪያው ቦታ ነው። ፓሌቱ እስከዚህ ድረስ የመጣው አምራቹ ባሰበው መንገድ፣ በኮንቴይነር ውስጥ ተጠባብቆ ነው። ኮንቴይነሩ ውስጥ ፓሌቶቹ ረጅሙ ጎናቸው በመኪናው ርዝመት አቅጣጫ ይደረደራሉ፤ አምስቱ በ2 ሜትር ከ28 ሲቀጣጠሉ 11 ሜትር ከ40 ይሆናሉና ኮንቴይነሩን ልክ ይሞሉታል። በትንሹ መኪና ላይም አቀማመጡ እንደዚያው መሆን አለበት። ምክንያቱም ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ የሚመጣው ግፊት በፓኔሉ ርዝመት ላይ ያርፋል እንጂ ፊቱን አይገፋውም። ተገላብጦ ከተጫነ ግን እያንዳንዱ ፍሬን ፓኔሎቹን አንዱን ባንዱ ላይ ይጭናል። ሁለተኛው ነገር ክፍተት ነው። በፓሌቱና በመኪናው አጥር መካከል ባዶ ቦታ ካለ ሞራሌ ወይም አሮጌ ጎማ ይገባበታል፤ ገመዱ ደግሞ ካርቶኑን እንዳይቆርጠው ማዕዘኑ ላይ ጣውላ ይደረግለታል። በፓሌቱ አናት ላይ ሌላ ዕቃ አይጫንም። ስኳርም፣ ፍራሽም፣ ሰውም።

ስለ ፍጥነቱ ብዙ አልልም። ይህ መንገድ የጫት መኪና መንገድ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ጫት ከዘገየ ዋጋ ያጣል፣ ፓኔል ግን ዛሬ ባይደርስ ነገ ይደርሳል፤ ሾፌሩ ይህን ከመነሳቱ በፊት ሊነገረው ይገባል። የመንገድ ንዝረት ቀላል ነገር አይደለም። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን የታሸጉ ፓኔሎች በመጓጓዝ ወቅት የሚደርስባቸውን ንዝረትና ምት የሚፈትሽበት 62759 የተባለ ራሱን የቻለ መለኪያ አውጥቷል። ነገሩ ይህን ያህል ካልጎዳ መለኪያ ባላስፈለገውም ነበር።

ፎርክሊፍት በሌለበት ማውረድ

መኪናው ሀርሺን ደርሶ ቆመ እንበል። 9 ኩንታል የሚመዝን፣ እንደ ቁምሳጥን የቆመ መስታወት መሬት መድረስ አለበት። በየቦታው የተለመደው ዘዴ ጎማ ደርድሮ ከላይ መልቀቅ፣ ወይም ሁለት አጠና አጋድሞ በገመድ እየያዙ ማንሸራተት ነው። ለሲሚንቶ ያዋጣ ይሆናል። ለፓኔል ግን ሁለቱም አይሆኑም። በጎማ ላይ የወደቀ ፓሌት ካርቶኑ ምንም ሳይሆን ውስጡ ሊደቅ ይችላል፤ በአጠና ላይ የሚንሸራተት ፓሌት ደግሞ ካዘነበለ የሚይዘው ሰው የለም።

የሚሻለው ከመነሻው ክሬን ያለው መኪና መከራየት ነው። ለአንድና ለሁለት ፓሌት ውድ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ዕቃው ብዙ ከሆነ ግን ከሚሰበረው ጋር ሲነጻጸር ክርክር የለውም። በክሬን ሲነሳ ቀበቶው የሚገባው በእንጨቱ ፓሌት ሥር ነው እንጂ በካርቶኑ ወገብ ላይ አይደለም። ከላይ ቀበቶው ካርቶኑን እንዳይጨምቀው በሁለቱ ክንፎች መሐል ከካርቶኑ የሚሰፋ ጣውላ ወይም የብረት ዘንግ ይደረጋል። ከተሰቀለው ፓሌት ሥር ማንም አይቆምም፤ የሚዞረውን ለመግታት በእጅ ሳይሆን ከርቀት በገመድ ይያዛል።

ክሬን ከሌለስ? ያን ጊዜ ፓሌቱን እንዳለ ማውረዱን ትቶ እዚያው መኪናው ላይ ፈትቶ ፓኔሉን አንድ በአንድ ማውረድ ነው። አምራቾች ፓሌት በተስተካከለ መሬት ላይ ይፈታ የሚሉት ለቀልድ አይደለም፤ ስለዚህ የመኪናው አልጋ እንደዚያ መሬት እንዲሆን መደረግ አለበት። መኪናው ሜዳ ላይ ይቆማል፣ የእጅ ፍሬን ይያዛል፣ ጎማው በድንጋይ ይታገዳል፣ አልጋው ወደየትም አለማዘንበሉ በውኃ ልክ ይታያል። ውኃ ልክ የሌለው ቴክኒሻን አይኖርም ብዬ አስባለሁ፤ ከሌለ ግማሽ ድረስ ውኃ ያለበት የፕላስቲክ ጠርሙስ አጋድሞ ማየትም ይረዳል።

እዚህ ላይ ሀርሺን አንድ ጥሩ ነገር ሊኖረው ይችላል። የቁም እንስሳት ገበያ ባለበት ከተማ ግመልና በግ መኪና ላይ የሚወጣበት የአፈር ወይም የድንጋይ መድረክ ብዙ ጊዜ ይሠራል። የመድረኩ ከፍታ ከመኪናው አልጋ ጋር እኩል ነው። መኪናው ኋላውን ወደዚያ ከሰጠ ፓኔል የያዙት ሁለት ሰዎች ሳይዘሉና ሳይቀባበሉ ቀጥ ብለው ተራምደው ይወጣሉ፤ ከዚያ በዝግታ ቁልቁለቱን ይወርዳሉ። ከመኪና ወደ መሬት መቀባበል ከዚህ ሁሉ ሥራ በጣም መጥፎው ክፍል ነውና ይህን ማስቀረት ትልቅ ነገር ነው። በእርግጥ የገበያ ቀን መሆን የለበትም።

ማሰሪያው ሲቆረጥ

ካርቶኑ ከመነካቱ በፊት ውጭው ይታያል። አንዳንድ ካርቶን ላይ ሲያዘነብል ወይም ሲመታ ቀለሙን የሚቀይር ምልክት ይለጠፋል፤ ቀይ ሆኖ ከተገኘ ፎቶ ይነሳል። የረጠበ፣ የተቀደደ ወይም ወደ አንድ ጎን የጎበጠ ካርቶን ውስጡ ማሰሪያው ላልቶ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ ድጋፍ ተደርጎለት በመጨረሻ ይፈታል።

ከዚያ በፓሌቱ በአንድ ወገን፣ ፓኔሎቹ ፊታቸውን በሰጡበት በኩል፣ መደገፊያ ይቆማል። መደገፊያው ከሞራሌ የተሠራ ሦስት ማዕዘን ሊሆን ይችላል፤ ዋናው ነገር ከፓሌቱ ጋር በሚስማር ወይም በገመድ መያያዙና በጣት ሲገፋ የማይነቃነቅ መሆኑ ነው። የድንጋይ ክምር ወይም የቆመ ሰው መደገፊያ አይባልም። ፓኔሎቹ የሚወጡት በተቃራኒው ወገን ነው፤ ቀሪዎቹ ሁልጊዜ ወደ መደገፊያው ትንሽ ጋደል ብለው ይጠብቃሉ።

መጀመሪያ ፕላስቲኩ፣ ቀጥሎ ክዳኑ፣ ቀጥሎ የውጭው ማሰሪያና የካርቶኑ ግድግዳ ይነሳል። ፓኔሎቹን እርስ በርስ የያዘው የውስጥ ማሰሪያ ግን መደገፊያው ሳይቆም አይነካም። ማሰሪያውን የሚቆርጠው ሰው የሚቆመው በፓሌቱ ጠባብ ጫፍ በኩል ነው። በፓኔሉ ፊት በኩል ፈጽሞ አይቆምም፤ የሚወድቀው ወደዚያ ነውና። ሁለት ሰዎች ከሁለቱ ጫፎች የላይኛውን ጠርዝ ይዘው ይጠብቃሉ። የፕላስቲክ ማሰሪያ ተወጥሮ ስለሚቆይ ሲበጠስ እንደ ጅራፍ ይመታል፣ ዓይን ያጠፋል፤ መነጽር ከሌለ ቢያንስ ፊትን ማዞር ያስፈልጋል። ቢላው ረጅም ከሆነ ገብቶ የፓኔሉን ጀርባ ይሰነጥቃል። የጀርባው ሽፋን ደግሞ እርጥበት የሚከላከለው ክፍል ነው፤ አንዴ ከተበሳ ፓኔሉ ቢሠራም ለሰው አደገኛ ነው።

አሁን ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር ይመጣል። ሥራው ሲጀመር ሁሉም ይጠነቀቃል፣ ፓሌቱ ትልቅ ነዋ። ግማሹ ከወጣ በኋላ ሰዉ ዘና ይላል፣ ጨዋታ ይጀመራል። ግን ፓኔሉ ባነሰ ቁጥር ቀሪው ይበልጥ ቀጭን ይሆናል፤ ከፍታው ግን ያው ነው። 31ዱ ሲቆም ውፍረቱ ከ1 ሜትር በላይ ነበር። 10 ሲቀር 35 ሳንቲ ሜትር ነው። 5 ሲቀር 17 ሳንቲ ሜትር ተኩል፤ ክብደቱ ግን ገና 140 ኪሎ ነው። ስለዚህ የመጨረሻዎቹ አሥር ከመጀመሪያዎቹ ሃያ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ለምሳ ወይም ለሶላት ሥራ ሲቆም፣ ቀሪዎቹ እንደገና ይታሰራሉ። ታስረው የማያድሩ ከሆነ ይፈቱና በጣውላ ላይ ተጋድመው ይቀመጣሉ፤ በአንድ ላይ ስንት መነባበር እንደሚቻል መመሪያው ላይ ስላለ ከዚያ አይታለፍም።

ተሸካሚውና ነፋሱ

አንድ ኩንታል በጀርባው ተሸክሞ መኪና የሚጭን ሰው 28 ኪሎ አሳይታችሁት በሁለት ሰው ያዝ ብትሉት ይስቃል። ልክ ነው፣ ለሱ ክብደት አይደለም። ሁለቱን ደርቦ በአናቱ ላይ ሊያነሳው ይችላል። ስለዚህ «ከባድ ነው» ብሎ ማስረዳት ዋጋ የለውም። ማስረዳት ያለብን ሁለት ሌላ ነገር ነው።

አንደኛው መተጣጠፉ ነው። በፓኔሉ ውስጥ ያለው ሴል ውፍረቱ ከ0.2 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ሲሊከን ነው። ፓኔሉ በአናት ላይ ተጋድሞ ሲሄድ ሁለቱ ጫፎች በእያንዳንዱ እርምጃ ይወዛወዛሉ፤ መስታወቱ ይህን ይችላል፣ ሴሉ ግን ይሰነጠቃል። በጎኑ ቆሞ፣ ረጅሙን ፍሬም ከላይና ከታች ይዘው ሁለት ሰዎች ሲሸከሙት ግን አይታጠፍም። በጀርባው ካለው የገመድ ሣጥን ወይም በገመዱ ማንጠልጠል አይቻልም። መሬት ላይ ሲቀመጥ ማዕዘኑ ቀድሞ ድንጋይ እንዳይነካ፤ ይህ ዓይነቱ መስታወት መሐሉን ቢመቱት ብዙ ይችላል፣ ጠርዙን በትንሽ ጠጠር ቢነካ ግን ሙሉው ይረግፋል።

ሁለተኛው ነፋሱ ነው። የጅግጅጋን ሜዳ ነፋስ የማያውቅ የለም። የአንዱ ፓኔል ስፋት 2.58 ካሬ ሜትር ነው። በ1,600 ሜትር ከፍታ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ነፋሱ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ከሆነ በፓኔሉ ፊት ላይ የሚያርፈው ግፊት ወደ 15 ኪሎ ይጠጋል። በሰዓት 54 ኪሎ ሜትር ሲሆን ከ30 ኪሎ ያልፋል፤ ማለትም ከራሱ ከፓኔሉ ክብደት ይበልጣል። ፍጥነቱ በግማሽ ሲጨምር ግፊቱ ከእጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። ሸራ ይዞ በነፋስ የሄደ ሰው ይገባዋል። እንግዲህ ሥራው ነፋሱ ሳይነሳ በጠዋት ይጀመራል፤ ተሸካሚዎቹ የፓኔሉን ጠርዝ እንጂ ፊቱን ለነፋሱ አይሰጡም፤ አቧራ መነሳት ሲጀምር ይቆማል። በጠዋት መሥራት ሌላም ጥቅም አለው፤ ቀትር ላይ ፍሬሙ በባዶ እጅ አይያዝም።

አብዛኛው አውራጅ ሶማልኛ ተናጋሪ ስለሆነ ከመጀመራችን በፊት በጥቂት ቃላት መስማማት አለብን። ቃድ አንሳ፣ ዲግ አስቀምጥ፣ ጆግሶ ቁም፣ ታርቲብ ቀስ በል ማለት ነው። አንድ ሰው ብቻ ያዛል። ክፍያውም በፓኔል ብዛት ሳይሆን በቀን ቢሆን እመርጣለሁ፤ በቁጥር የሚከፈለው ሰው ቢሮጥ አይፈረድበትም።

ኤሌክትሪኩን አትርሱ። ፓኔል ማብሪያ ማጥፊያ የለውም፤ ካርቶኑ ተከፍቶ ብርሃን ሲያገኝ ወዲያው ቮልቴጅ ይሰጣል። የአንዱ 50 ቮልት ገደማ ነው። 20 በተከታታይ ሲገናኝ ግን 1,000 ቮልት ይሆናል፤ ይህ ቀጥታ ጅረት ስለሆነ ብልጭታው አንዴ ከተነሳ ቶሎ አይጠፋም። በማውረድ ጊዜ ማንም ሰው የገመዶቹን ጫፍ «ልሞክር» ብሎ አያገናኝም። የጫፎቹ ቆብ እስከ ተከላው ቀን አይነሳም፣ የሀርሺን አቧራ ከገባበት በኋላ ማገናኛው ይግላል። መስታወቱ የረገፈ ፓኔልም ከፀሐይ ሥር እስካለ ድረስ ኤሌክትሪክ እንዳለው ይቆጠራል፤ በሸራ ተሸፍኖ፣ በጓንት ተይዞ ለብቻው ይቀመጣል።

የማይታየው ስንጥቅና ርክክቡ

የረገፈ መስታወት ሁሉም ያየዋል፣ ይመዘገባል፣ ያልቃል። የሚያስቸግረው ያልታየው ነው። በሴሉ ላይ ያለ ስንጥቅ በዓይን አይታይም፤ ለማየት በጨለማ ውስጥ ለፓኔሉ ጅረት ሰጥቶ በልዩ ካሜራ ማንሳት ይጠይቃል። በመጀመሪያው ቀን ፓኔሉ ሙሉ ኃይል ሊሰጥ ይችላል። ከዚያ ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ስንጥቁ ይሰፋል፣ የተቆረጠው የሴል ክፍል ከሥራ ይወጣል። በተከታታይ በተገናኙ ፓኔሎች ውስጥ ደካማው የሌሎቹንም ጅረት ይጎትታል። ስለዚህ ዛሬ በአናት ላይ የተወዛወዘው ፓኔል ዋጋው የሚታወቀው ምናልባት ከወራት በኋላ በጅላል ወር፣ ፓምፑ ውኃ ሲያሳንስ ነው። ያን ጊዜ አውራጁን ማንም አያስታውሰውም፤ «ሶላር አይረባም» ነው የሚባለው።

ዋስትናውም እዚህ ላይ አይደርስም። አምራቾች በአያያዝ የደረሰ ጉዳትን ከዋስትና ያወጣሉ። ጉዳቱ በመንገድ ላይ ደርሶ ከሆነ ደግሞ ርክክብ ላይ ካልተጻፈ ማስረጃ የለም። ንብረት ክፍሉ ሞዴል 19 የሚቆርጠው ፓሌት ቆጥሮ ከሆነ የተቀበለው ካርቶን ነው። ስለዚህ በማስረከቢያው ሰነድ ላይ ከመፈረም በፊት የካርቶኑ ሁኔታ በጽሑፍ ይሰፍራል፤ ፓኔሎቹ ሲወጡም የእያንዳንዱ ተከታታይ ቁጥር ከየትኛው ፓሌት እንደወጣ ይመዘገባል።

መልቲሜትር ያለው ሰው እዚያው አንድ ነገር ማየት ይችላል። ምንም ሳይገናኝ የእያንዳንዱን ቮልቴጅ ይለካል። በመለያው ላይ 49.8 ቮልት የሚል ፓኔል በፀሐይ ግሎ 46 ቢያነብ አትደንግጡ፤ በመለያው ላይ ያለው በ25 ዲግሪ የተለካ ነው፣ ሙቀት ሲጨምር ቮልቴጅ ይወርዳል። የሚያጠራጥረው ከጓደኞቹ ተለይቶ በሢሶ ያህል፣ ማለትም በ15 እና በ16 ቮልት ዝቅ ያለው ነው። የፓኔሉ ሴሎች በሦስት ምድብ ስለሚከፈሉ አንዱ ምድብ ሳይሠራ ቀርቷል ማለት ነው። ይህ ፍተሻ ጥቃቅኑን ስንጥቅ አያሳይም፤ ቢሆንም በ31 ፓኔል ላይ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም።

ያልተተከለው ፓኔል የሚቀመጥበት ቦታ ጣሪያ ከሌለው በሸራ ይሸፈናል፣ ከመሬት በጣውላ ከፍ ይላል፣ ዙሪያውን በእሾህ ይታጠራል። አጥሩ ለሌባ ብቻ አይደለም። ፍየል ከፍ ያለ ነገር ስታይ ትወጣለች፤ የተጋደመ ፓኔል ለእሷ እንደ ድንጋይ ነው።

ስለ ፍየል ካነሳን አይቀር፣ ከእያንዳንዱ ፓሌት ብዙ ሜትር የፕላስቲክ ማሰሪያና መጠቅለያ ይወጣል። በአርብቶ አደር አገር ይህ ተራ ቆሻሻ አይደለም። ነፋሱ ወስዶ ቁጥቋጦ ላይ ይሰቅለዋል፣ ከብቱና ፍየሉ ይበላዋል፣ ሆዱ ውስጥ ተጠቅልሎ ይገድለዋል። ስለዚህ ማሰሪያው ሲቆረጥ ወዲያው በጆንያ የሚሰበስብ አንድ ሰው ይመደባል፤ ጆንያውም ባመጣው መኪና ወደ ጅግጅጋ ይመለሳል። እንጨቱን ማንም አይተወውም፤ ሚስማሩ ተነቅሎ ለአካባቢው ሰው ቢሰጥ ለበርም ለመደርደሪያም ይሆናል።